ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል

ተቻኩሎ የሚያጠፋ ሰው አለ፤ ይቅርታም ቶሎ ያገኛል። እኔ አልተቻኮልሁም። ሰባት ቀን ጠብቄ፣ ማስታወቂያ አውጥቼ፣ ደንብ ጠቅሼ፣ በሥርዓት ነው ያጠፋሁት። እንዲህ ያለውን ሰው «ምን ነካህ?» ብትሉት የሚመልሰው የለውም፤ ምንም አልነካውማ።

ነገሩን አስቀድሜ ልንገራችሁና ከዚያ እንደወደዳችሁ ፍረዱብኝ። መሪጌታ ይትባረክ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣት የጻፉትን ቃል፣ ስማቸውን ከላዩ አጥፍቼ የራሴን ስም አኖርሁበት። ቢቸና ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እዚህ አገር የሰውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ ከጉባኤው መሐል ቀና ብሎ አይወጣም። እኔ ደግሞ ተማሪ እንኳ አይደለሁም። የኮምፒውተር መምህር ነኝ።

ሥራችን «ዘመን ቆጣሪ» የሚባል የስልክ ፕሮግራም ነው። ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ የት ላይ እንደሚውል፣ ረመዳንና አረፋ መቼ እንደሚደርሱ፣ የየከተማው ገበያ በምን ቀን እንደሆነ ይናገራል። ኦፕን ሶርስ ነው፤ ማለትም የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ነው፣ የፈለገ አይቶ ያርመዋል፣ ያረመም ስሙ ካረመው ነገር አጠገብ ይቀመጣል። ደመወዝ የለውም። ከዚያች ስም በቀር ማንም ምንም አያገኝም። ይህችን ያዙልኝ።

ሰባት ነን። አራቱ አልፎ አልፎ ብቅ የሚሉ ናቸው፤ ሸክሙ የሦስታችን ነው። አንዱ እኔ። ሁለተኛዋ ሞጣ ያለችው ዘይነብ ናት፤ የአባቷ የሐጂ እንድሪስ ጨርቅ መሸጫ ውስጥ በጣቃዎቹ መሐል ላፕቶፕ ዘርግታ ከኛ ሁሉ የተሻለ ኮድ የምትጽፍ ልጅ። ሦስተኛው መሪጌታ ይትባረክ ናቸው። እዚሁ ቢቸና ቅኔና ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። የቀኝ ዓይናቸው ከሄደ ቆይቷል፤ የግራውም ስንቁን ቋጥሯል። ስልካቸው ላይ ፊደሉን አግዝፈው፣ አንዲት መስመር ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጅተው፣ የኔን ስሕተት ያርማሉ። እርማታቸው ማር አይቀባም። «ጳጉሜን የወር ትራፊ መሰለችህ? በዘመነ ሉቃስ ስድስት ናት። ሂድና ቁጠር።» እንዲህ ነው የሚጽፉት።

ኮዱም፣ ይህ ሁሉ እርማትና ክርክርም የሚቀመጥበት የኢንተርኔት ቦታ አለ። ፕላትፎርም ይሉታል፤ እኛ በአጭሩ ቤት እንለዋለን። የድሮው ቤታችን አንድ ቀን ተነሥቶ፣ ለሚገባ ሰው ሁሉ በስልክ መልእክት ቁጥር ካልላክሁ አላስገባም አለ። የቁጥሩ ዕድሜ አምስት ደቂቃ ነው። ሞጣ ሲደርስ ሁልጊዜ ሞቶ ነው የሚደርስ። ዘይነብ ሁለት ወር በር ላይ ቆመች። ሁለት ወር! እዚያ ውስጥ ያለውን ግማሹን የጻፈችው እሷ ሆና። እንግዲህ ቤት መቀየር ነበረብን፤ በዚህ እስከ ዛሬም አልጸጸትም።

የምጸጸተው በአወሳሰኑ ነው። እኔ ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ «ይወዳል» አትልም፣ «ይዞታል» ነው የምትል። ትምህርት ቤታችን የመጥረጊያ ማስቀመጫ ቦታ የሚወስን ኮሚቴ ያለው በኔ ምክንያት ነው። ሰብሳቢው እኔ ነኝ፤ ጉዳዩ ገና አልተወሰነም። ታዲያ የውጭ አገር ማኅበሮች ቤት ሲቀይሩ እንዴት እንደሚወስኑ ሳነብ አንድ ደንብ አገኘሁ። ሐሳብህን በጽሑፍ ታቀርባለህ፣ ቀን ትቆርጣለህ፣ በተቆረጠው ቀን ያልተቃወመ ሁሉ እንደተስማማ ይቆጠራል። ሳነበው ደስ አለኝ። ሰው መለመን የለ፣ ስብሰባ የለ፣ አበል የለ፣ ሻይ የለ።

ማስታወቂያውን አንድ ቀን ሙሉ ጻፍሁት። «የዘመን ቆጣሪ ማኅበር አባላት በሙሉ» ብዬ ጀምሬ፣ ምክንያቱን በአራት ነጥብ ዘርዝሬ፣ መጨረሻ ላይ «ተቃውሞ ያለው አባል በሰባት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል» አልሁ። ይህች የመጨረሻዋ በጣም ስላማረችኝ ለባለቤቴ አነበብሁላት።

«መሪጌታ እዚሁ አይደሉ እንዴ?» አለችኝ። «አሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሄደህ አትነግራቸውም?»

«ይህ የአሠራር ጉዳይ ነው» አልኋት።

«የእግር ጉዳይ መስሎኝ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሰባቱ ቀን አለፈ። ቤቱ ጭር አለ። ባሕር ዳር ያለው አባላችን አንድ ወደ ላይ የቆመ አውራ ጣት ላከ፤ በኋላ ስጠይቀው ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሆኖ የተነካ ነው አለኝ። መሪጌታን በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ በመንገድ አገኘኋቸው። ሁለት ጊዜም ቆመው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው «ደህና ነህ? አዲስ ነገር የለም?» አሉኝ።

«የለም፣ የኔታ» አልሁ። ሁለት ጊዜ! አሁን ሳስበው ራሴን መምታት ያምረኛል። ያኔ ግን በልቤ፣ የሚቃወሙ ቢሆን በጽሑፍ ባሳወቁ ነበር እያልሁ ነው የማልፍ።

በስምንተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ዕቃችንን አጓዝሁ። አዲሱ ቤት ከድሮው ላይ የሚያነሣ መሣሪያ አለው፤ የአንድ ሰው መግቢያ ይጠይቃል፣ የኔን ሰጠሁት። በሃያ ደቂቃ ሦስት ዓመት ተጓጓዘ። ከዚያ ሁለት ቤት ክፍት ከሆነ ሰው ይደናገራል ብዬ የድሮውን ለማፍረስ ተነሣሁ። «ይህ ድርጊት አይመለስም፤ እርግጠኛ ከሆኑ የፕሮጀክቱን ስም ይጻፉ» አለኝ። «የሚመለስ ማን ፈለገ?» ብዬ ቆሜ ጻፍሁለት። ፈረሰ።

ከዚያ ተቀምጬ አዲሱን ቤት አየሁ።

ቃሉ ሁሉ መጥቷል። አንድ ፊደል አልጎደለም። የቀረው የተናጋሪው ስም ነው። መሣሪያው የገባው በኔ ስም ነውና፣ ያገኘውን ቃል ሁሉ እኔ እንደተናገርሁት አድርጎ አስቀመጠው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰባት ሰው የተከራከረው፣ አንድ እኔ ብቻ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ በሃያ ደቂቃ የተናገርሁት ሆነ። እኔው «ጳጉሜን የወር ትራፊ መሰለችህ?» ብዬ ራሴን እቆጣለሁ። እኔው ከሥሩ «ይቅርታ የኔታ፣ አሁኑኑ አስተካክላለሁ» እላለሁ። እኔው መልሼ «ትናንትም እንዲህ ብለኸኛል» እላለሁ። አንድ ቦታ ላይ ለራሴ «አላህ ይርዳዎት ጋሼ፣ ይህን ያህል ስሕተት በአንድ መስመር እንዴት ቻሉ?» ብያለሁ፤ ያ የዘይነብ ነው። ቢያሥቅ ኖሮ እሥቅ ነበር። የድሮውን ቤት ልከፍት ብሞክር የለም አለኝ።

ሰኞ ጧት መሪጌታን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ አገኘኋቸው። ስልካቸው እጃቸው ላይ ነው። አይተውታል ማለት ነው። ራቅ ብለው ቆሙና ከወገባቸው ጎንበስ አሉልኝ።

«እንደምን አደሩ፣ መምህር?» አሉ።

እርስዎ! እኔን! ሰው ፊት «አንተ ደንቆሮ» ሲሉኝ የኖሩ ሰው፣ እንደማያውቁት የወረዳ ባለሥልጣን ጎንበስ ብለው እርስዎ አሉኝ። ቢሰድቡኝ፣ በመቋሚያቸው ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። እኔም ጎንበስ አልሁ፤ ተጎንብሰን ተለያየን። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት እጇ ላይ የነበረውን አስቀምጣ «እርስዎ አሉህ?» አለች፣ እንደታመመ ሰው እያየችኝ።

መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋልና፣ ክፍት በሆነበት በመጀመሪያው ቀን በሚኒባስ ሞጣ ሄድሁ። ዘይነብ መላ ታውቅ ይሆናል ብዬ ነው። ሱቁ ስደርስ ሐጂ እንድሪስ ለአንዲት ሴት ጨርቅ ይለካሉ፣ ዘይነብ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኋት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ጋሼ» አለች በመጨረሻ፣ «ስም ይዞ የሚያጓጉዝ መንገድ ነበረ እኮ። ከማጓጓዝዎ በፊት እያንዳንዱን ስም ከባለቤቱ ጋር ማያያዝ ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለምን አልጠየቁኝም?»

«ማስታወቂያ አውጥቼ ነበር። ዝም ስላልሽ…»

«ቤቱ ተዘግቶብኝ ነው ዝም ያልሁት! ማስታወቂያውን ያወጡት የት ነው?»

«እቤቱ ውስጥ» አልሁ።

ለሴትዮዋ የሚለካው ጨርቅ እንኳ ቆመ። ሐጂ እንድሪስ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው «ምን ብለህ ነው የጻፍኸው? እስቲ በለው» አሉኝ። ያቺን የመጨረሻዋን ነገር በቃሌ ነገርኋቸው። እንደዚያ ቀን አስቀያሚ ሆና ሰምቻት አላውቅም።

«ዝም ያለ እንደተስማማ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ለዚህች ልጅ ሽማግሌ የላኩ ሰዎች ነበሩ። ሦስት ጊዜ መጡ፣ ሦስት ጊዜም ሰምተን ዝም አልን። ባንተ ደንብ ቢሆን ይህን ጊዜ የልጅ ልጅ አቅፌ ነበር።»

ዘይነብ ላፕቶፗ ውስጥ ልትገባ ምንም አልቀራት።

«እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ዝም ካለህ» አሉ ሐጂ፣ «ተመለስና በአፍህ ጠይቀኝ ማለቱ ነው። ትንንሾቹ ደግሞ ትልቁ ሳይናገር አይናገሩም። መሪጌታ አንተን ጠበቁ፣ አራቱ መሪጌታን ጠበቁ፣ ይህቺ ቁጥሯን ትጠብቃለች። አንተ ብቻ ነህ ምንም ያልጠበቅኸው።»

«ሰባት ቀን ጠብቄያለሁ» አልሁ፤ ደግሞ እኮ ተከራከርሁ!

«በል ተነሥ» አሉኝ። «መሪጌታ የጥምጣም ጨርቃቸውን ከኔ ነው የሚወስዱ፣ ያውቁኛል። አብሬህ እሄዳለሁ። ልጅቷም ትምጣ።»

በማግሥቱ ሦስታችን ቢቸና ገባን። መሪጌታ ግቢ ደጃፍ ስንደርስ፣ ይቅርታ እንዴት እንደሚጠየቅ የማውቅ መሆኔን ላሳይ ብዬ፣ ከወደቀበት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ አኖርሁ። ከበደኝ። ጎንበስ እንዳልሁ ገባሁ። መሪጌታ በር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በግራ ዓይናቸው ብዙ ጊዜ ትክ ብለው አዩኝ።

«መምህር» አሉ፣ «ድንጋዩን ከነበረበት ይመልሱልኝ። የአጥሬ ነው።»

መልሼ መጣሁ። ዘይነብ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ግቢው ዛፍ ዞራለች።

ሐጂ እንድሪስ ነገሩን እንደ ሽማግሌ ወግ ከሩቅ ጀምረው አቀረቡት። ልጁ ያጠፋው ለክፋት አይደለም፣ ባለማወቅ ነው አሉ። መሪጌታ ሁሉን ሰሙና ዝም አሉ። በዚያች ዝምታ ውስጥ ምን ያህል እንዳረጀሁ አልነግራችሁም። ሐጂም ወግ አዋቂ ናቸውና ትንሽ ቆይተው «ይናገሩ እንጂ፣ መሪጌታ» አሏቸው።

«ማስታወቂያውን አይቻለሁ» አሉ መሪጌታ። «ሰባቱን ቀን ቤቴ ሆኜ ጠበቅሁ። ይመጣል አልሁ። ሁለት ጊዜ በመንገድ አዲስ ነገር የለም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የለም አሉኝ።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስሜ ግድ የለኝም ብዬ ልኩራራባችሁ እችል ነበር። ግን ግድ ይለኛል። ይህ ዓይን ለከርሞ አያነብም። ከኔ የሚቀር ነገር ይኸው በአንድ ጣት የጻፍሁት ነው። የነገ ልጅ ይህን ከማን ተማርኸው ሲባል የማንን ስም ይጥራ? እኔ የመምህሬን ስም ሳልጠራ አንድ ቀን አስተምሬ አላውቅም።»

ዓይኔ እንባ ሞላው፤ አልደበቅሁትም፣ ሐጂም አይተውኛል።

«አጥፍቻለሁ» አልሁ። «ድንጋዩን ትቼ ነው የምልዎ። አጥፍቻለሁ።»

ሐጂ «ጥሩ፣ ይህ በአፍ ተባለ» አሉና ውሳኔውን እዚያው አስጀመሩ። ዘይነብ ለአራቱ አባሎች ስልክ እየደወለች ድምፁን ከፍ አደረገችው። መጀመሪያ ግን መሪጌታ ተጠየቁ፤ አዲሱ ቤት ይሁን ወይስ ሌላ ይፈለግ?

«ይህቺ ልጅ የምትገባበት ቤት ይሁን» አሉ። «የሠራችበት ቤት በር ላይ መቆሟ ነውር ነው።»

መሪጌታ ከተናገሩ በኋላ አራቱም ተከታትለው ይሁን አሉ፤ ባለ አውራ ጣቱ እንኳ ይህን ጊዜ በድምፁ ነው። ሰባት ቀን ያልበቃው ነገር በሩብ ሰዓት አለቀ። ዳግመኛ ዝም ያለን ሰው እንደተስማማ እንዳንቆጥር፣ የራቀው እንዲደወልለት፣ የቀረበው ጋ እንዲኬድ ደንብ ወጣ። ደንቡን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ በአንድ መስመር፣ ያለ ነጥብ።

የጠፋው ስም ግን ቀረ። መሪጌታ መላውን ራሳቸው አመጡ። እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ በየቀኑ እየመጣሁ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሳቸው የማን እንደሆነ ይናገራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ፤ ዘይነብ ከሞጣ ሆና ስሙን ወደ ቦታው ትመልሳለች። እንዲሁ አደረግን። ሰውየው የሚገርሙ ናቸው! ሦስት ቃል ሳነብ ይበቃቸዋል። «የኔ ነው።» «የዘይነብ፤ እሷ ናት እንዲህ የምትፈጥን።» «ይህ የእርስዎ ነው፣ መምህር፤ ስሕተት አለበት።» በየቀኑ እርስዎ። በየቀኑ መምህር። ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት ሆነ፣ ደረጃዬ አልወረደም። የራሴን ድድብና ለራሴ ጮክ ብዬ እያነበብሁ እንደ ሹም መከበር ምን ዓይነት ቅጣት እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል።

ወደ መጨረሻው ግድም ወደ አንዲት አጭር መስመር ደረስን። «እዚህ ላይ ሠላሳው አልተጣለም» ትላለች። ነገሩ የነነዌን ጾም ስናሰላ ድምሩ ከሠላሳ ካለፈ ሠላሳውን መጣል የሚባል ሥርዓት ስላለ ነው። ከላይዋ ያለው ስሌት የመሪጌታ ነው፤ አንድ ሩቅ ዓመት ሲቆጥሩ ደክሟቸው ሠላሳውን ሳይጥሉ አልፈዋል። ይህቺን መስመር የጻፍኋት እኔ ነኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ እሳቸውን ያረምሁባት አንዲት ቀን ናት። ከላክሁ በኋላ ፈርቼ ሳምንት ሙሉ በሌላ መንገድ ዞሬያለሁ፤ እሳቸውም አንድ ቃል ሳይመልሱልኝ ቀርተዋል። ተቀይመውኛል ብዬ ነው የኖርሁ።

አነበብሁና ፈጠን ብዬ «ይህች የእርስዎ ናት፣ የኔታ» አልሁ። ስሕተቷንም እርማቷንም ለሳቸው ትቼ ማለፌ ነው። አንድ ስም ወስጄባቸው የለ? አንድ ብመልስ ምን አለበት?

መሪጌታ መቋሚያቸውን ወደ ጎን አኖሩት።

«የኔ አይደለችም» አሉ። «ያንተ ናት።»

አንገቴን ቀና አደረግሁ።

«የዚያን ዕለት እስኪመሽ ተናድጄብህ ነበር። ከዚያ ቆጠርሁት፤ ልክ ነህ። ስምህን ጻፍባት።» ስልኩን በጣታቸው አመለከቱኝ። «ያን ጊዜ መልስ ሳልሰጥህ ስቀር፣ ዝምታዬ እሺ ነበር። ያሁኑ ማስታወቂያህ ላይ ዝም ያልሁህ እንቢ ነበር። አፉም ዝምታውም የአንድ ሰው ነው። ቀርበህ ሳትጠይቅ በምን ትለየዋለህ?»

የምናገረው አላገኘሁም። ስልኩ እጄ ላይ ደበዘዘብኝ፣ ስሜን መጻፍ ሲገባኝ ፊደሉ አልታይህ አለኝ። መሪጌታ በዚያች በቀረቻቸው ዓይን አዩኝ፤ ጠበቁኝ፤ ከዚያ ቀረብ ብለው ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ።

«አንተ ደንቆሮ» አሉ፣ «ይኸ ዝምታህ የትኛው ነው?»

«እሺ ነው፣ የኔታ» አልሁ፣ ድምፄን አውጥቼ።